እስከ አርባ ይቁጠሩ

የካቲት 12 ቀን

ይድረስ፣ ለወገን መመኪያ፣ ለአባትሽ የዐይን ብርሃን፣ በሰው አገር ቆመሽ ለዘመድ ጥላ ለሆንሽው፣ ተቀምጠሽ ውኃ ጠጥተሽ ባለማወቅሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ «ጥድፊያ» እያልን ለምንጠራሽ ለወንድሜ ልጅ፤ በወጣሽበት መወደድን፣ በገባሽበት ሞገስን፣ በጀመርሽው ፍጻሜን ይስጥሽ እያልሁ፣ ከሰላምታ ሁሉ የሚበልጠውን ሰላምታ አቀርብልሻለሁ። እኔ ከዐይኔ መድከም በቀር፣ አባትሽም ከጉልበቱ አለመታዘዝ በቀር፣ ደኅና ነን።

የላክሽው ሣጥንና ጥቅሎቹ ሁሉ በደኅና ደርሰዋል። ሣጥኑን ስከፍተው፣ በመካከሉ የጫጩት ማሞቂያ የመሰለ ቀይ አምፖል፣ ከአምፖሉ በግራ ባዶ መስታወት፣ በቀኝ ደግሞ ያንቺ ፊልም የተለጠፈበት መስታወት ቆመው አገኘሁ፤ በክዳኑም ውስጥ በገዛ እጅሽ የጻፍሽውን ደንብ፣ «ደንበኛው እጆቹን ከሁለቱ መስታወቶች ጀርባ ያድርግ። አምፖሉን ያብሩ። እስከ አርባ ይቁጠሩ። ያጥፉ። ከአርባ አይለፉ» የሚለውን፣ አንዲት ፊደል ሳልስት በቃሌ ያዝሁት። ምክንያቱን አልጻፍሽም፤ እኔም ለአምፖሉ ዕድሜ ያዘንሽ መስሎኝ አልጠየቅሁም።

ሱቁን በስምሽ ከፍተን፣ ከበሩ በላይ እኔ ራሴ ያረቀቅሁትን «ሙቀት መላሽ የመስታወት ፊልም እዚህ ይታያል» የሚል ጽሑፍ ብንሰቅል፣ በመጀመሪያው ቀን የመጡት ሁሉ የሚጀምርበትን ሰዓት የሚጠይቁ ሆኑ። አንዱማ ሚስቱን አስከትሎ፣ «አባባ፣ ፊልሙ የፍቅር ነው የድብድብ?» አለኝ፤ «የሙቀት ነው» ብዬ ብመልስለት፣ «እሱስ ቤታችንም አለ» ብሎ ሚስቱን ይዞ ሄደ። ሆኖም «መላሽ» የምትለዋን ቃል አልለውጣትም፤ መላሽ ማለት የመጣውን ወደ መጣበት የሚሰድድ እንጂ፣ የሚቀበል ወይም አጠራቅሞ የሚያስቀምጥ ማለት አይደለምና፣ ከአንድ ገጽ ማስታወቂያ ይልቅ እርሷ ብቻዋን ነገሩን ሁሉ ትናገራለች።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ የቀድሞ ተማሪዬ፣ በአደባባዩ ማዕዘን ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት ናት። መስኮቶቿ ፊታቸው ወደ ምዕራብ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እስከ መደርደሪያው ድረስ እየዘለቀች ሽሮፑን ታሞቅባታለች። እጆቿን አስገብታ፣ እኔ ስቆጥር ቆየችና፣ «መምህር፣ ግራዬ ነደደ፤ ቀኜ ግን ጥላ ውስጥ ነው» አለች። «ሌላ ጊዜ በፀሐይም እናየዋለን» ብላት፣ «እርስዎ ካሉ ለእኔ ሣጥኑም ትርፍ ነው» ብላ ለመስኮቶቿ ሁሉ አዘዘች። ስንት ዘመን ያስተማርሁት ሰዋስው በስተርጅና እንዲህ ያለ እምነት ይወልድልኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበርና፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ያን ቀን ወደ ቤቴ የገባሁት ትከሻዬን ከፍ አድርጌ ነው።

እንዳዘዝሽው የመጀመሪያው ቁራጭ አባትሽ በተኛበት ክፍል፣ በምዕራቡ መስኮት ላይ ተለጥፏል። የለጠፈው ገጣሚያችን (የመስታወት ነው እንጂ የስንኝ አይደለም) ሥራውን የሚያውቅ ሽበታም ሰው ነው። አባትሽ ግን በማግስቱ፣ «ጋሼ፣ ወደ ማታ ገደማ ይሞቀኛል» አለ፤ ዕድሜውን ሁሉ ከብየዳ እሳት ጋር የኖረ ሰው ቆዳው ቢያታልለው አይፈረድበትም ብዬ ዝም አልሁት።

አጎትሽ

የካቲት 27 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣ ፊደል ላስቆጠሩኝ፣ ዛሬም ደብዳቤዬን በቀይ እስክሪብቶ እያረሙ እንደሚያነቡት ለማውቀው፤ ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ያብዛልዎ።

እርስዎ በሁለት ገጽ የሚሉትን እኔ በሁለት መስመር እላለሁና ይቅር ይበሉኝ። ስለ መድኃኒት ቤቱ እጅግ ደስ ብሎኛል። የባለቤቷን ፎቶግራፍ፣ እጇ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ፈገግ ስትል፣ በቶሎ ይላኩልኝ። የአባዬንም መስኮት፣ አባዬ አልጋው ላይ ሆኖ በሚታይበት በኩል ያስነሡልኝ። አለቃዬ ለዚያ አካባቢ አንድ ወኪል ሊመርጥ ነው፤ ከእኔ ጋር የሚፎካከሩ ሁለት አሉ። እነርሱ ያላቸው መኪና ነው፤ እኔ ያለኝ የእርስዎ ስም ነው።

ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለው መንገድ አዲስ የአራሶችና የሕፃናት ክሊኒክ እንደተከፈተ ሰምቻለሁ። እሱን ካገኘን ሌላ ምስክር አያስፈልገንም። ኃላፊውን ሱቅ ይጥሩልኝ።

አባዬን ስለ ሙቀቱ አይስሙት። መስታወቱ ጠቁሯል አይደለም እንዴ? የጠቆረ መስታወት እንዴት ያሞቃል? ተኝቶ ስለሚውል ሁሉም ነገር ይከብደዋል። ይልቅ አደራ፣ አርባን አይርሱ። እርስዎ ወሬ ከጀመሩ አይታወቅዎትም።

ልጅዎ

መጋቢት 14 ቀን

ይድረስ፣ ከሩቅ ሆነሽ ቅርቡን ለምታስቢ፣ ከሥራ ብዛት የተነሣ ለእንቅልፍ እንኳ ቀጠሮ ለምትሰጪ፣ ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ለወንድሜ ልጅ፤ ያሰብሽው ይሙላ፣ የጎደለሽ ይትረፍረፍ፣ ክፉ ዐይን አይይሽ።

የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ገና ወጣት የሆነ ነገር ግን ጥንቃቄው የሽማግሌ የሆነ ሐኪም፣ ወደ ሱቁ መጥቶ በገዛ እጁ ፈተነ፤ አርባ ሲሞላም አምፖሉን አጠፋሁ። «ሃያ ሁለት መስታወት አለኝ፤ ዐሥራ አንዱ በአራሶች ክፍል ነው፤ ሕፃናቱ ከመስኮቱ ሥር ነው የሚተኙት» ካለ በኋላ፣ ከፊርማው በፊት በክሊኒኩ ውስጥ፣ ሠራተኞቹ ባሉበት፣ አንድ ጊዜ እንዳሳየው ጠየቀኝ። እኔም ቃሌን ሰጠሁት። «ይህ ፊልም ሙቀትን ይመልሳል፤ ባይመልስ ስሜን ለውጡልኝ» ነበር ያልሁት፤ ተማሪዎቼ ያወጡልኝን ስም፣ «አራት ነጥብ የለሽ» የሚለውን፣ የሰማ መሆኑን ያወቅሁት ሲስቅ ነው።

አሁን ወደ አባትሽ ነገር ልመለስ፤ ከእርሱ ጋር ተጣልተናል። በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሸሚዙን አውልቆ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ባለፈው ሳምንት፣ «ጋሼ፣ ይህን ነገር አንሣልኝ፤ ፀሐይን አይመልስም፣ ያጠራቅማል» ቢለኝ፣ ትዕግሥቴ አለቀና፣ ባለመድኃኒቷና ሐኪሙ በእጃቸው ያረጋገጡትን አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ተኝተህ ትክዳለህን ብዬ፣ በሕይወቴ ደፍሬው በማላውቀው ቃል፣ «ሞኝ» ብዬ ሰደብሁት። እርሱም ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «አንተ ቃሉን ታውቃለህ፤ እኔ ነገሩን አውቃለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም።

ትናንት ደግሞ ማንም ሳይነካው፣ ነፋስም ሳይኖር፣ ያ መስኮት ጧ ብሎ ከጠርዙ እስከ መካከሉ ተሰነጠቀ። ገጣሚውን ጠርቼ ብቆጣው፣ «መምህር፣ እኔ አምፖሉን አልነካም፤ መስኮቱን ነው የምነካው። ከቀትር በኋላ እጅ አያስቀምጥም» አለኝ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልህ?» ብለው፣ «መቼ ጠየቁኝ? እርስዎ እኮ ሲያስረዱኝ ነው የሚውሉት» አለ።

ስለዚህ፣ ለነገሩ ፍጻሜ እንዲሆነኝ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ አቀርብልሻለሁ፦ ከአርባ በላይ የማይቆጠረው ለምንድን ነው?

አጎትሽ

ሚያዝያ 19 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤ ጤና ይስጥልኝ። በሥራ ተወጥሬ ስለ ዘገየሁ ይቅርታ።

ፎቶግራፎቹ አልደረሱኝም። አሁን ግን ከፎቶግራፍ የሚበልጥ ነገር እፈልጋለሁ፤ በእጅዎ ጽሕፈት፣ በሙሉ ፊርማዎ፣ «ይህን ፊልም በገዛ ወንድሜ ቤት አስለጥፌ፣ ሙቀትን እንደሚመልስ አረጋግጫለሁ» የሚል አንድ ገጽ ይጻፉልኝ። አለቃዬ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይወስናል። የእርስዎን ጽሕፈት ያየ ሰው ያለ ክርክር ያምናል።

ስለ መስኮቱ መሰንጠቅ ገጣሚውን ይለውጡት። ሥራ የማይችል ሰው ሁልጊዜ ዕቃውን ነው የሚወቅሰው።

ስለ አርባ የጠየቁኝ ደንብ ነው። እርስዎስ ስንቱን ነገር «ደንብ ነው» ብለው አስተምረውን የለም እንዴ? በክሊኒኩ ቀን እባክዎን አጭር ይሁኑ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ እሱም አጭር። ይቁጠሩ፣ ያጥፉ፣ ያስፈርሙ።

አባዬን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ

ሚያዝያ 30 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ።

የሰላምታውን ስፍራ ባዶ የተውሁት ረስቼ አይደለም። የማወድስሽበት ቃል ፈልጌ፣ ቃላቱ ሁሉ በአፌ ውስጥ ስለ መረሩብኝ ነው።

ትናንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በክሊኒኩ በአራሶች ክፍል ደጃፍ፣ አንዲት ጠረጴዛ ተሰጥታኝ ሣጥኑን ከፈትሁ። ኃላፊው አለ፤ ነርሶቹ በግድግዳው ተደግፈው ቆመዋል፤ ገጣሚው መሰላሉን ይዞ ልኬታ ሊጀምር ዝግጁ ነው፤ ባለመድኃኒቷም ማንም ሳይጠራት፣ ሱቋን ዘግታ፣ ለመምህሯ ልትመሰክር መጥታለች። ኃላፊው እጁን ሊያስገባ ሲል፣ «ዶክተር፣ እርስዎ ቆመው ይዩ፤ እኔ ላሳይዎት» ብላ መዳፏን ከፊልሙ መስታወት ጀርባ፣ ሊነካው ጥቂት ሲቀረው፣ አስቀመጠች። አምፖሉን አብርቼ፣ አንድ ብዬ መቁጠር ጀመርሁ።

ዐሥራ ሁለት ላይ ስደርስ ኃላፊው፣ «መምህር፣ መላሽ ያሉት ወዴት ነው የሚመልሰው? ወደ ውጭ ነው ወደ ውስጥ?» አለኝ።

እኔን ሰው ስለ ቃል ሲጠይቀኝ ምን እንደምሆን አንቺ ታውቂያለሽ። ቁጥሩን ጥዬ፣ «መለሰ» የሚለው ግስ ሥሩ ሦስት ፊደል ቢሆንም ቅርንጫፉ ብዙ መሆኑን፣ «መለሰ» ሲል ሌላውን ወደ ነበረበት መስደዱን፣ «ተመለሰ» ሲል ራሱ ወደ ነበረበት መሄዱን፣ «ተመላለሰ» ሲል መሄድንና መምጣትን መደጋገሙን፣ ተማሪም ሲጠየቅ የሚመልሰው ከመምህሩ የተቀበለውን ቃል ወደ ባለቤቱ መስደዱ ስለሆነ መልስ የተባለው ከዚሁ ሥር መውጣቱን፣ ስለዚህም ይህ ፊልም ለፀሐይ መልስ የሚሰጥ የመስኮት ተማሪ መሆኑን፣ ነርሶቹ እየሳቁልኝ፣ እኔም በሳቃቸው እየተበረታታሁ፣ ያለ አራት ነጥብ አስረዳሁ፤ አምፖሉም እንደበራ ነበር።

ያቺ ልጅ እጇን አላነሣችም። ዓረፍተ ነገሬን ያቋረጠ ተማሪ ድሮ በክፍል ውስጥ ምን ይደርስበት እንደነበረ ታውቃለችና፣ ባለ ትዳርና ባለ ሱቅ ሆና ሳለ፣ ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀችኝ። እኔ፣ «አስመለሰ ሲል ግን» ብዬ ወደ መጨረሻው ቅርንጫፍ ስሸጋገር፣ በቀስታ፣ «መምህር፣ ይቅርታ፣ አራት ነጥቡ ቀርቧል? እጄ ተቃጠለ» አለች።

አዎን፣ በፊልሙ በኩል ያለው እጇ። መዳፏ ቀልቶ ነበር። ኃላፊው የመስታወቱን ጀርባ በጣቱ ነክቶ ጣቱን ወደ አፉ ወሰደና፣ «መምህር፣ ይህ መስኮት አይደለም፣ ካውያ ነው። አራሶቼን ከካውያ ሥር ላስተኛቸው ነበር?» አለኝ። አንድም ሰው አልሳቀም። ገጣሚው መሰላሉን ይዞ ወጣ።

አሁን ገባኝ። ያንቺ ፊልም አይመልስም፤ ይውጣል። እስኪጠግብ ድረስ ይውጣል፤ እስኪጠግብም ድረስ ከጀርባው ያለ እጅ ቅዝቃዜ ይሰማዋል። አርባ የአምፖሉ ዕድሜ ሳይሆን የፊልሙ ጥጋብ ልክ ነው። ከጠገበ በኋላ የዋጠውን ሁሉ ወደ ክፍሉ ያስመልሰዋል። እነሆ፣ ያቋረጠችኝን ዓረፍተ ነገር ጨረስሁት፤ መላሽ ብዬ የሰየምሁት አስመላሽ ሆኖ ተገኘ። ይህን አንቺ ታውቂ ነበር። የማያውቅ ሰው «ይጠንቀቁ» ይላል እንጂ፣ ቁጥሩን በልኩ አይጽፍም።

ከክሊኒኩ በቀጥታ ወደ አባትሽ ክፍል ሄድሁ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ከተሰነጠቀው መስኮት ፊት ወንበር ስቤ፣ መዳፌን ወደ መስታወቱ አስጠግቼ፣ አባትሽ ከአልጋው ሆኖ እያየኝ፣ ሳላወራ፣ እስከ አራት መቶ ቆጠርሁ። መጨረሻ ላይ እጄ አልቻለም። አባትሽም፣ «ቃሉን አገኘኸው?» አለኝ። ከየካቲት ጀምሮ ሸሚዙን አውልቆ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው፣ እኔም ሞኝ ያልሁት፣ ይህን ተሸክሞ ነው። እሳትን የሚያውቀውን ሰው፣ ግስ የሚያውቀው ሰው ረታው! በራሴ ላይ ያለኝን ቁጣ ለራሴ ልተወውና፣ ያንቺን ድርሻ ልንገርሽ፤ በሁለቱም ደብዳቤሽ፣ ስለ ፎቶግራፍ፣ ስለ ክሊኒክ፣ ስለ ጽሕፈቴና ስለ ፊርማዬ ጽፈሻል፤ «አባቴ እንዴት አደረ?» የምትል ቃል ግን ፈልጌ አጣሁ። አንቺ ነሽ መስኮቱን የመረጥሽለት። በአልጋው ራስጌ ያለውን!

የጠየቅሽኝን አንድ ገጽ አልጽፍም። መልስ እፈልጋለሁ፤ መልስ እንጂ ደንብ አይደለም።

አጎትሽ

ግንቦት 27 ቀን

ለአጎቴ፤

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀድጄ ልጥለው ነበር። እርስዎ ሰላምታ ከነሱኝ እኔም በአጭሩ ልናገር።

አዎ፣ አውቃለሁ። አርባን የፈጠርኩት ግን እኔ አይደለሁም። እዚህ ሥራ ስጀምር አለቃዬ ሰዓቱን ይዞ አጠገቤ ቆሞ፣ «አርባ አንድ ካልሽ ወደ ቤትሽ» እያለ ነው ያስተማረኝ። ሁሉም የሚያሳየው እንዲህ ነው። የሚመልሰው ፊልም አለ፤ እሱን ለሚመርጡ ሰዎች ነው የሚልኩት፤ ለእኛ የሚደርሰን ይሄ ነው። ደግሞስ ውሸቱ የቱ ላይ ነው? እስከ አርባ ይቀዘቅዛል፤ እኛም እስከ አርባ ነው ያሳየነው። ብርሃኑን ይቀንሳል፣ መጋረጃ እንዳይነጣ ያደርጋል፣ ከመንገድ የሚያይ ዐይን ይከለክላል። ይህ ሁሉ ምንም አይደለም?

ያችን ሴት ያቃጠላት የእኔ ፊልም አይደለም፤ የእርስዎ ምላስ ነው። አርባ ብዬ ጽፌ ነበር! አጭር ይሁኑ ብዬ ለምኜ ነበር! እርስዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨርሱ ጀምበር ትጠልቃለች፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያንን አራት ነጥብ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ልጅ ሳለሁ ልናገር አፌን ስከፍት እርስዎ አረሙኝ። «ጥድፊያ» ያላችሁኝ እኮ፣ እርስዎ ትንፋሽ እስኪወስዱ ባለችው ቀዳዳ ቶሎ ካልተናገርኩ ተራ ስለማይደርሰኝ ነው።

የአባዬን መስኮት የመረጥኩት ሊጎዳ ብዬ አይደለም። ለአለቃዬ፣ «የገዛ አባቴ ቤት ለጥፌዋለሁ» ብዬ ፎቶግራፉን ላሳየው ነበር። ከዚያ ላስነሣለት ነበር። ከዚያ ሥራ በዛ፤ ረሳሁት። ይሄው ነው።

አሁንም አልረፈደም። አለቃዬ ውሳኔውን በሁለት ሳምንት አራዝሟል። ለክሊኒኩ ኃላፊ አንድ መስመር ይጻፉለት፤ «የዚያን ቀን አምፖሉ ብልሽት ነበረበት» ይበሉት። ከእርስዎ እጅ ከወጣ ያምናል። ለባለመድኃኒቷም እንዲሁ። የእኔ ነገር በዚህች አንድ መስመር ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ለአባዬ ነገሩት? ምን አለ?

ልጅዎ

ሰኔ 4 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤ በዚህኛው ደብዳቤ ስለ አባትሽ ጠይቀሻልና፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ምላሴን በተመለከተ ያልሽው እውነት ነው። አንብቤ ስጨርስ ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ፤ ከደብዳቤሽ አንዲትም ፊደል አላረምሁም። ተራ ሳይደርስሽ ማደግሽን አላወቅሁም ነበር፤ በእኔ ዓረፍተ ነገር የተቃጠለችው ባለመድኃኒቷ ብቻ እንዳልሆነችም አሁን አየሁ። ነገር ግን ልጄ፣ ምላሴ የሠራው ጥፋት አንድ ነው፤ አርባን አለፈ። አርባን ባላልፍ ኖሮ፣ ያ ፊልም ዛሬ ከአራሶቹ ራስጌ፣ በዐሥራ አንዱም መስታወት ላይ ነበር። ስለዚህ ስለ ረጅም ንግግሬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ይቅርታ የምጠይቅሽን ያህል፣ ስለዚያ በክሊኒኩ ስላደረግሁት አንድ ረጅም ንግግር ግን ፈጽሞ አልጠይቅሽም።

አምፖሉ ብልሽት ነበረበት ብዬ አልጽፍም። አምፖሉ በዚህ ነገር ውስጥ እውነቱን የተናገረ ብቸኛው ነበር።

ያደረግሁትን ልንገርሽ። ከገጣሚው ጋር ሆነን፣ እርሱ በምላጭ፣ እኔ በሳሙና ውኃና በጨርቅ፣ የመድኃኒት ቤቱን መስኮቶች በሁለት ቀን ፋቅናቸው። ባለመድኃኒቷ ወንበር አመጣችልኝ፤ እጇ ድኗል፤ ሰላምታዋ ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ «መምህር» ትለኛለች፣ ዐይኗን ግን ሌላ ቦታ አድርጋ ነው። በሱቁ በር ላይ ያለውን ጽሑፍ አውርጄዋለሁ። ለክሊኒኩ ኃላፊ ሄጄ፣ የቃሉን ትርጉም ሳላብራራ፣ «ዋሽቼሃለሁ፤ ሳላውቅ ነው» አልሁት። እርሱም፣ «ስምዎን እንለውጥ?» አለኝ፤ ሲስቅ ግን አላየሁም።

አባትሽን ነገርሁት። የጻፍሽውን ሁሉ፣ «ረሳሁት» የምትለዋን ጭምር፣ አነበብሁለት። «ሞኝ» ስላልሁት ይቅርታ ስጠይቀው እጁን አወዛወዘና፣ «ተወው፤ አንተስ አላወቅህም» አለ። አንተስ ነው ያለው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጨመረም።

ከዚያ የተሰነጠቀው መስኮት ሲነቀል፣ ከደኅናው በኩል ስንዝር በስንዝር የሆነ ቁራጭ፣ ከነፊልሙ፣ ለገጣሚው አስቆረጠው። እኔ በወረቀት ስጠቀልለው አይቶ ከእጄ ወሰደብኝ። «ጠርዙ እጇን ይቆርጣታል» አለና፣ የድሮ ሞረዱን ከአልጋው ሥር አስወጥቶ፣ ተቀምጦ አራቱንም ጠርዝ ሞረደው። ግማሽ ቀን ፈጀበት። በጣቱ እየዳበሰ፣ ደግሞ እየሞረደ፣ ደግሞ እየዳበሰ፤ ካበቃም በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው ሳያዞር ተኛ።

ያ ቁራጭ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ደርሶሻል። አለቃሽ ከሚያሳይበት ሣጥን አምፖል ፊት አቁሚው። አምፖሉን አብሪ። እጅሽን ከጀርባው አድርጊ። እስከ አራት መቶ ቁጠሪና፣ የተሰማሽን ለአባትሽ ጻፊለት።

አጎትሽ